ፌንጣዋ ዝም እስክትል

ማክሰኞ፣ ሐምሌ 20፤ ጧት

ዛሬም ቤተ ሙከራውን ዞርኩ። ጠረጴዛውን፣ ወለሉን፣ መታጠቢያውን፣ የበሩን እጀታ። ፌንጣዋ ረጋ ብላ ጠቅ… ጠቅ… ትላለች። ምንም የለም። ፌንጣ ያልኳት እኔ አይደለሁም፤ የጨረር መለኪያዋን ይዤ ስዞር ድምጿን የሰማ የግቢው ሰው ነው ያወጣላት። ደስ የሚል ስም ነው፣ አልከፋኝም።

የከፋኝ ሌላ ነው። ጓንት የለም። ትናንት ካርቶን ሙሉ ነበረ። አቶ ይርጋ፣ አስተባባሪያችን፣ ለሾፌሩ ሰጥቶት መኪና ሲታጠብበት ዋለ። ብጠይቀው ጓንት ጓንት ነው አለኝ። በሩ ላይ የለጠፍኩት የአደጋ ጊዜ መመሪያ ደግሞ መጋረጃ ተሰቅሎበታል። ነሐሴ 3 ሰኞ ከክልል እንግዶች ይመጣሉ። ሰው ገና ሲገባ "አደጋ" የሚል ነገር እንዳያነብ ነው አሉ።

አንቺ ማስታወሻዬ ታውቂዋለሽ፤ ግን ለሌላ ብናገር የሚሰማኝ ስለሌለ ደግሜ ለአንቺ ልንገርሽ። ሥራችን ሩዝ ነው። ፎገራ ሜዳ ውሃ በሚተኛበት መሬት ላይ ሩዙ ከማዳበሪያው ስንቱን እንደሚበላና ስንቱ ጭቃ ውስጥ እንደሚቀር ማወቅ እንፈልጋለን። ለዚህ ጨረር ያለው ፎስፈረስ ከማዳበሪያው ጋር ይቀላቀላል። ሥሩ ሲስበው በፌንጣዋ እየተከተልን እናየዋለን። ፈሳሹ የሚመጣባት ጠርሙስ ከአውራ ጣቴ አትበልጥም። በሥርዓት ለያዛት ክፉ አይደለችም። የጥንቃቄ ኃላፊዋ እኔ ነኝ፤ በቃል ብቻ የተሰጠኝ ኃላፊነት።

ማታ

ስብሰባ ነበር። ልምምድ እናድርግ አልኩ። ቀይ ቀለም የገባበት ውሃ ወለሉ ላይ ላፍስ፣ ጨረር ነው እንበል፣ ማን የት እንደሚቆም፣ ማን በሩን እንደሚይዝ እንሞክረው። ሳይቃጠል በቅጠል ነው መቼም። ዘበኛችን አያ ሞላ አማተበ። አቶ ይርጋ ፊቱን አጨማደደና ሟርት ነው አለ። እንግዳ በሚመጣበት ሰሞን ክፉ አታናግሪን። ሌላው ሁሉ ራሱን ነቅንቆ ተስማማ። ጌትነት እንኳ፣ ጀማሪው ተመራማሪ፣ ጠርሙሷን በእጁ የሚይዘው እሱ ሆኖ፣ ወረቀት ያገላብጣል።

ሟርት። አያ ሞላ ክፉ ነገር ስሙ ሲጠራ ይመጣል ቢል አልቀየመውም፤ እናቴም ደብረ ዘይት ሆና እንዲሁ ነው የምትለው። ይርጋ ግን ሁለት ዲግሪ አለው። ሁለቱንም የት እንዳስቀመጣቸው እንጃ። ተናድጃለሁ። እራቴን በልቻለሁ፣ ግን ተናድጄ ነው የበላሁት።

ሐሙስ፣ ሐምሌ 22፤ አመሻሽ

እጄ ሳሙና ሳሙና ይሸታል። በቅደም ተከተሉ ልጻፈው፣ አለዚያ እንቅልፍ የለኝም።

ረፋድ። ጌትነት ጠርሙሷን ከመከለያዋ ሲያወጣ አመለጠችው። ወለሉ ላይ ተሰበረች። ፈሳሹ ከጠረጴዛው ሥር ተረጨ፤ ጥቂት ጠብታ ከጓንቱ በላይ የእጁ አንጓ ላይ። ጓንቱ ያው ከመኪና አጠባ የተረፈ፣ ጠባብና አጭር። እኔ አጠገቡ ነኝ። እውነቱን ልናገር፣ ልጁ ያስተማርኩትን አደረገ። ባለበት ቆመ። እጁን ከገላው አርቆ ዘረጋ። ፈሰሰብኝ አለ፣ ቀስ ብሎ። እኔ መምጠጫ ወረቀት ጣል አደረግሁበት። ከዳር ወደ መሃል ነው የሚሰበሰበው፤ ከመሃል ወደ ዳር ካልሽ ታሰፊዋለሽ። እስካሁን ቦታው ከአንድ መሶብ አይሰፋም። ከምሳ በፊት የሚያልቅ ነገር ነበር።

የሺ በመስኮት አየችው። የሺ ጽዳት ሠራተኛችን ናት። ጌትነት እጁን ዘርግቶ፣ ዓይኑን አፍጥጦ፣ ሳይንቀሳቀስ ቆሟል። ምን ታስብ? ኮረንቲ የያዘው መሰላት። ኡኡ አለች።

እዚህ አገር ኡኡ ተብሎ ማን ቁጭ ይላል። ጩኸት ሰምቶ ያልደረሰ ሰው ነገ በሱ ሲደርስ ማን አለኝ ሊል ነው? ደግ ልማድ ነው፣ እኔም የምወድላቸው ይህንኑ ነው። ዛሬ ግን ጸሐፊዋ፣ ሾፌሩ፣ ሂሳብ ሹሙ፣ የሩዝ ዘር ሊጠይቁ ከቁሐር ሚካኤል የመጡት መሪጌታ፣ ሁሉም በአንድ በር ግር ብለው ገቡ። የሺም ተከትላ። አትግቡ እላለሁ፤ ማን ሰምቶኝ። አንዱ ጌትነትን በእንጨት ምቱት ይላል፣ ከኮረንቲው እንዲለቀው። አያ ሞላ ደግሞ እሳት ነው ብሎ በባልዲ ውሃ ይዞ ደረሰ። በትከሻዬ ላይ አሳልፎ ቸለሰው።

ቸለሰው። መሶብ የማያህለው ነገር ወለሉን ሁሉ ለበሰ። በዚያ ሁሉ ጫማ ሥር።

በጭንቅላቴ ያለው በሩ ብቻ ነው። ከበሩ ቀጥሎ ግቢው፣ ከግቢው ጭቃው፣ ከጭቃው ከብት የሚጠጣበት ቦይ። በሩን ዘጋሁና ጀርባዬን ሰጠሁት። ጋውኔን አውልቄ የውሃ መውረጃውን ወተፍኩበት። ጫማ ሳይወልቅ፣ እግር ሳይለካ ማንም አይወጣም አልኩ። ድምፄ የኔ አይመስልም።

መጀመሪያ ጌትነት። ለብ ያለ ውሃ፣ ሳሙና፣ በመዳፍ፣ ቀስ ተብሎ። ሾፌሩ በሽቦ ፈትጊው ይለኛል። ቆዳው ከተገሸለጠ እኮ ውጭ የቀረውን ነገር ግባ ማለት ነው። የታጠበበት ውሃ ወደ ጀሪካን። ደጋግመን አጠብነው። ፌንጣዋ ረጋች። ጌትነት አለቀሰ።

ከዚያ ሌሎቹ፣ አንድ በአንድ፣ በበሩ በኩል። እግራቸው ንጹሕ፣ ጫማቸው አይደለም። አቶ ይርጋ ከወረዳ ተጠርቶ መጣና በመስኮት ክፈቺ ይለኛል። ጫማህን አውልቀህ ግባ አልኩት። ተመለሰ።

መሪጌታ የተጫሙት አዲስ የቆዳ ጫማ ነው፣ ከጎንደር የተገዛ። ፌንጣዋ ሶሉ ላይ ስትደርስ ተንጫጫች። ይቅርታ አባቴ፣ ይህ እዚህ ይቀራል አልኳቸው። በምን ልሂድ ልጄ አሉኝ። ያለኝ የራሴ ነጠላ ጫማ ነው፤ ወይን ጠጅ፣ አበባ ያለበት። መሪጌታ ጥምጣማቸውን እንደጠመጠሙ በዚያ ነጠላ ጫማ በመናኸሪያው በኩል አለፉ። ሰዉ ሁሉ አየ። ከዚህ በላይ የሚያሳፍረኝ ነገር አልደረሰብኝም።

የሺ መጨረሻ። እግሯን ስለካ ጎንበስ አለችና በጆሮዬ ነገረችኝ። አርግዣለሁ። እናቴም አልሰማች። እግሯ ንጹሕ ነው፣ ልብሷም ንጹሕ ነው። ደግሜ ለካሁ። ንጹሕ ነው። ከዛሬ ጀምሮ እዚያ ክፍል አትገቢም አልኳት። እሺ እት ሰናይት አለች።

ዓርብ፣ ሐምሌ 23

ወለሉ ሊሾ ነው፣ ሊሾው የተሰነጠቀ። ከላይ ያለውን ሁሉ አነሳሁ፣ ከዳር ወደ መሃል፣ ቀኑን ሙሉ፣ ብቻዬን። ጌትነት ታምሜያለሁ ብሎ ቀረ። ስንጥቁ ውስጥ የገባው ግን አልወጣ አለ። ፌንጣዋ እዚያ ስትደርስ ጆሮ ታደነቁራለች።

መፍትሔው ቀላል ነው፤ ያስቆጣኝም ቅለቱ ነው። ይህ ፎስፈረስ በየሁለት ሳምንቱ ግማሹ በራሱ ይጠፋል። ማንም ሳይነካው። በላዩ ወፍራሙን የፕላስቲክ መስታወት አነጠፍኩ፣ ጨረሩን እሱ ይይዘዋል። በሩን ቆለፍኩ። ቁልፉ አንገቴ ላይ ነው። ከዚህ በኋላ የሚያስፈልገው ትዕግሥት ብቻ ነው፣ ምንም ወጪ የለውም።

አቶ ይርጋ መቼ ነው የሚከፈተው አለኝ። መስከረም አልፎ እንየው አልኩት። ሳቀ። ሰኞ ሳምንት እንግዳ አለብኝ አለ። ፎስፈረሱ እንግዳ መምጣቱን አልሰማም አልኩት። ሳቁን አቆመ። መመሪያው አዲስ አበባ ላለው ተቆጣጣሪ መ/ቤት ወዲያው ይነገር ይላል፤ እኔ አሳውቃለሁ፣ አንቺ አትግቢበት አለኝ። ስልኩ ያለው በሱ ቢሮ ነው፣ በሳጥን ተቆልፎ።

እሑድ፣ ሐምሌ 25

ከተማው አብዷል። አከራዬ የግቢያችንን ሩዝ መብላት ይቻላል ወይ ብላ ጠየቀችኝ። ይፋግ ድረስ አቶም ፈነዳ ተብሏል አሉ። ማንም እውነቱን ካልነገረው ሰው የራሱን ይፈጥራል፤ ምን ያድርግ።

ከቅዳሴ በኋላ መሪጌታ መጡ። ሌላ ጫማ ተውሰዋል፣ ሰፍቷቸው ይንሸራተታሉ። ነጠላ ጫማዬን በፌስታል ይዘው፣ ታጥባ። ጫማዬስ አሉኝ። ጫማዎ ከቆሻሻው ጋር ተቆልፎ ይቀመጣል፣ ጨረሩ ሲያልቅ ለገና ይደርስልዎታል አልኩ። ለገና ጭቃው ደርቆ፣ ያኔማ በባዶ እግሬም እሄዳለሁ አሉ። እንደ ቀልድ ነው የጀመሩት፣ ግን አልሳቁም። የደብሩ ሰው ምን እንደሚል ታውቂያለሽ ወይ አሉኝ። አስረዳኋቸው። እስክጨርስ ሰሙኝ። ሳይባርኩኝ ሄዱ።

ይህ አመመኝ። ከይርጋ ቁጣ ይልቅ ይህ።

ማክሰኞ፣ ሐምሌ 27

ግምገማ። ጧት ተጀምሮ ምሳ ሰዓትን በላ።

ስለ ጠርሙሷ የሚወራ መስሎኝ ተዘጋጅቼ ነበር። ስለ ጓንቱ፣ ስለ መጋረጃው፣ ስለ ባልዲው። የተገመገምኩት እኔ ነኝ። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት ይህ ነው። ሠራተኛ አግታለች። የበላይ ኃላፊን ጫማህን አውልቅ ብላለች። የሃይማኖት አባትን በሴት ጫማ ሰዳ ሕዝብና ፕሮጀክቱን አቃቅራለች። የከተማ ልጅ ንቀት አለባት። የሚያስቀውና የሚያስለቅሰው የሂሳብ ሹሙ ነው። ብድግ ብሎ ማክሰኞ ሟርታ ሐሙስ ሆነ አለ። ልምምድ እናድርግ ማለቴ ማስረጃ ሆኖ ቀረበብኝ። ሁሉም ራሱን ነቅንቆ ተስማማ፤ መቼም በዚህ አንደኛ ናቸው።

ጌትነትን አየሁት። ከኔ ፊት ለፊት ተቀምጧል። ያ እጅ፣ በመዳፌ ያጠብኩት፣ ጠረጴዛው ላይ ነው። ሰብሳቢው የምትለው አለ ወይ ሲለው የለኝም አለ። የለኝም። ሐሙስ ዕለት እናቴን እንዳትነግሪያት እያለ ሲያለቅስ የነበረው ልጅ። የድርጅት አባልነቱ ገና እየታየለት ነው፤ ይገባኛል። ስለሚገባኝ ግን አልማርኩትም።

ግለ ሂስ አቅርቢ ተባልኩ። ጥፋቴ በሩን ሳልቆልፍ ሥራ ማስጀመሬ ነው፣ ሁለተኛ አይደገምም አልኩ። አልጣማቸውም። ቃለ ጉባኤው ላይ "አደጋ" የሚለው ተሰርዞ "መጠነኛ መፍሰስ" ተባለ።

መጨረሻ ላይ ይርጋ ውሳኔውን ተናገረ። ክፍሉ ቅዳሜ ይከፈታል። ወለሉ በበረኪናና በብሩሽ ይፈተጋል፣ ውሃው ወደ ቦዩ ይለቀቃል። የሚፈትገው ማን ነው አልኩ። ጽዳት ሠራተኛ ምን ሥራ አላት አለ። የሺ በሩ አጠገብ ብርጭቆ እየሰበሰበች ነበረች። ቀና ብላ አየችኝ። አፌ ላይ የመጣውን ዋጥኩት፤ ምስጢሯ የሷ ነው። እሷ አትገባም አልኩ፣ ምክንያቱን አትጠይቁኝ። እሷ ካልገባች የምትገባ አይጠፋም፣ ሥራ የፈታው ስንቱ ነው አለ።

የቸኮለ ጅብ ቀንድ ነከሰ ይላሉ። ይሄኛውስ ቀንዱን ራሱ አይነክስም፣ ለሌላ ሰው ጥርስ ነው የሚያቀብለው።

ረቡዕ፣ ሐምሌ 28

ቁልፉን ስጪ ተባልኩ። ጠፍቷል አልኩ። አንገቴ ላይ እያዩት። ካልሰጠሽ በሩ ይሰበራል አሉኝ።

አዲስ አበባ ደውለሃል ወይ አልኩት ይርጋን። ደውሎ ቢሆን ኖሮ እስካሁን ሰው በደረሰ ነበር። ወደ መስኮቱ ዞረና በለሆሳስ ነገረኝ። ለመጀመሪያ ጊዜ እውነት የተናገረ ይመስለኛል። ከተደወለ ፈቃዱ ይታገዳል። ፈቃዱ ከታገደ ፕሮጀክቱ ይዘጋል። ፕሮጀክቱ ሲዘጋ እኔና አንቺ ሌላ ቦታ እንመደባለን፣ ኮንትራት ያላቸው እነ የሺ ግን በዚያው ቀን ውጪ ናቸው። ላንቺ ጽድቅ የሚራበው ማን እንደሆነ አስቢ።

አሰብኩ። ሙሉ ቀን አሰብኩ። ክፉ ነገሩ፣ ውሸት አይደለም።

ሐሙስ፣ ሐምሌ 29

የሺ ቤቴ መጣች፣ ከሥራ በኋላ። ነጠላዋን አልፈታችም። የርብ ወንዝ ሞልቶ መንገዱን ዘግቶት ዞራ ነው የመጣችው፣ እስከ ጉልበቷ ጭቃ። እግሬን ልታጠብ ብትል ውሃ ላሙቅልሽ አልኳት፤ ምነው፣ አሁንም ልትለኪኝ ነው አለችና ሳቅን።

ከዚያ ጠየቀችኝ። አንዴ ብፈትገው ምን ይሆናል? ሌላ ሰው ቢሆን አይዞሽ ወይም ትሞቻለሽ ይላት ነበር። ሁለቱም ውሸት ነው። አትሞችም አልኳት። ምናልባትም ምንም አትሆኚ። ነገር ግን በብሩሽ ሲፈተግ ይረጫል፣ ይተነፈሳል፣ ይዋጣል፤ የገባውን ማውጣት አይቻልም፤ ፎስፈረስ ደግሞ አጥንት ይወዳል፣ አጥንቱን አሁን እየሠራ ያለው ያንቺ ልጅ ነው። ለነፍሰ ጡር ሕጉ የሚለው አንድ ነው፣ አትግባ። ደግሞስ ምን ሊተርፍ ነው የምትገቢው? ተከድኖ ቢቀመጥ በራሱ የሚያልቅ ነገር።

ታድያ አቶ ይርጋ ይህን አያውቅም አይዶል አለችኝ። ያውቃል አልኳት። ይህን ስል ነው ለራሴም የገባኝ። አለማወቅ ቢሆን ባስተማርኩት። ያውቃል። የሺን ያላት ለዚህ ነው፤ እንቢ ማለት የማትችል ሰው ስለሆነች።

የይርጋን ነገር ነገርኳት፣ አልደበቅሁም። ከደወልኩ ሥራሽ ይሄዳል። ባልሽ ገና ከሁመራ አልተመለሰም። አንቺ ተይ ካልሽኝ ሌላ መላ እፈልጋለሁ፣ ወለሉን እኔው እገባበታለሁ። እኔ ከገባሁ ግን ሰኞ እንግዳው ይገባል፣ በሚቀጥለው ጠርሙስ ደግሞ ሌላ የሺ ትገባለች።

ከነጠላዋ ጫፍ ክር እየመዘዘች ቆየች። ከዚያ ኡኡ ያልኩት እኔ ነኝ አይዶል፣ ሰዉን የጠራሁት አለች። ላጽናናት ስል በእጇ አስቆመችኝ። እሱን አይዶለም የምልሽ አለች። ያን ቀን ለማያገባኝ ጮኼ ነበር፣ ለሚያገባኝ ደግሞ ዝም ልል ነው? ቴሌ በስንት ሰዓት ይከፈታል አለችኝ።

እኔ ነኝ የምደውለው አልኳት፣ አንቺ አትግቢበት። አይሆንም አለች። አንቺ ስትናገሪ ትቆጫለሽ። የተቆጣ ሰው ደግሞ ይዋሻል ይመስላቸዋል። ፈትጊ የተባልኩት እኔ፣ የምናገረው እኔ። እንዲህ ብላኝ ሄደች። ንዴቴ ሁሉ ለአንድ አፍታ ጠፋኝ፣ ምን ላድርገው ብዬ ቆሜ ቀረሁ።

ዓርብ፣ ሐምሌ 30፤ ጧት፣ ቴሌ ጽ/ቤት

አግዳሚ ወንበር ላይ ሆኜ ነው የምጽፍልሽ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይቀጠቅጠዋል። ቁጥሩን አስመዝግበናል፣ አዲስ አበባ መስመር እየተጠበቀ ነው። የሺ አጠገቤ ናት። ያለቻትን ንጹሕ ቀሚስ ለብሳለች። የምትለውን በልቧ እየተለማመደች ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል።

አንዴ ብቻ ጠየቀችኝ። የማን ስም ነው የሚጻፈው? የኔ አልኳት። የኔም ይጻፍ አለች፤ ስሜ የሺእመቤት ነው፣ የሺ ብለሽ እንዳታሳጥሪው።

የፕሮጀክቱ መኪና ደጅ ቆሟል። ይርጋ ወርዷል፣ ዣንጥላ የለውም፣ ወደዚህ እየመጣ ነው። ጌትነት መኪናው ውስጥ ነው፣ ዓይኑን አያነሳም። ይምጡ። በሩን ሳይሰብሩ የሚከፍቱበት ቁልፍ እኔ ጋ ነው፤ አንገቴንም ይስበሩት እንደሆነ እናያለን።

ተቀባይዋ ወረታ–አዲስ አበባ፣ ሳጥን ሁለት ብላ ተጣራች። የሺ ተነሳች። ተነሳሁ። የስልክ ሳጥኗ ጠባብ ናት፣ ተቀባይዋ ሁለት ሰው አይገባም ብላ ትጮህብናለች።

ገባን።